የአዋሽ ደለልና የቆቃ ዓሣ፦ ቁጥሩ የሚሳሳተው የት ነው?

ከሞጆ ወንዝ በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ ላቦራቶሪ ገብቶ «ክሮሚየሙ ከተፈቀደው በታች ነው» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ውጤቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስለ ወንዙ የሚነግረን ግን በጣም ጥቂት ነው። እንደ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች በውሃ ውስጥ ሟሙተው ብዙ አይቆዩም። ከሸክላ አፈር ቅንጣት፣ ከብረትና ከማንጋኒዝ ዝገት፣ ከበሰበሰ ቅጠልና ከፍግ ጋር ተጣብቀው ይሰጥማሉ። ጠርሙሱ የያዘው የዚያን ሰዓት ውሃ ብቻ ነው። ፍሳሹ የተለቀቀው ሌሊት ከሆነ ጠዋት የመጣ ናሙና ሰብሳቢ አይደርስበትም። ከሥር ያለው ጭቃ ግን የወራትና የዓመታት ክምችት ስለሆነ መመርመር ያለበት እሱ ነው።

አዋሽ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ፣ አፋር ምድር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ውሃው ይተናል፤ ብረቱ እዚያው ተፋሰሱ ውስጥ ይቀራል። በመንገዱ ላይም ወጥመዶች አሉት። ትንሹና ትልቁ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ደግሞ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ላይ ይቆማል። ሞጆም የሚገባው ቆቃ ነው። ውሃ በቆመበት ሁሉ ደለል ይወርዳል፣ ብረቱም አብሮት።

ብረቶቹ ከየት ይመጣሉ? እርሳስ ከባትሪ መጠገኛ፣ ከቀለምና ከጋራዥ ቆሻሻ ይመጣል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ ሀገራት መሸጥ ያቆመው በ2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ገደማ ስለሆነ የድሮው ጭስ ያራገፈውም እስከ ዛሬ በመንገድ ዳር አፈር ውስጥ አለ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየታጠበ ይወርዳል። ዚንክ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከጎማ፣ መዳብ ከፍሬንና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ይመጣል። በዚህ መስመር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ክሮሚየም ነው።

ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳውን የሚያለፉት በክሮሚየም ሰልፌት ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከተጨመረው ክሮሚየም ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይጠጣል፣ ቀሪው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ይህን መልሶ መያዝ ይቻላል፤ ዘዴውም አዲስ አይደለም። የክሮሙ ፍሳሽ ብቻውን ይጠራቀማል፣ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ተጨምሮበት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ8 እስከ 8.5 ሲደርስ ክሮሚየሙ ይረጋል፣ ከላይ ያለው ውሃ ይቀዳል፣ የረጋው በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ተመልሶ ወደ ማልፊያው ከበሮ ይገባል። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የክሮሙ ቦይና ጠጉር የሚነቀልበት የኖራና የሰልፋይድ ቦይ ይቀላቀላሉ። ያን ጊዜ ክሮሚየሙ ከስብ፣ ከጠጉርና ከኖራ ጋር ተለውሶ ይረጋል፣ ተመልሶ ለሥራ አይውልም፤ ክምር ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚህም የከፋ አደጋ አለ። አሲድ ያለው የክሮም ፍሳሽ ሰልፋይድ ካገኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል፤ ጉድጓድ ለማጽዳት የወረደ ሠራተኛን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሁለቱ ቦዮች ከመነሻው የተለያዩ መሆን አለባቸው።

ጭቃውን መውሰድ

ብዙ ጥናት የሚበላሸው መሣሪያው ጋ ሳይደርስ ወንዙ ዳር ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

ቦታው። ከፍሳሹ መውጫ በላይ አንድ፣ ፍሳሹ ከወንዙ ጋር በደንብ ከተደባለቀ በኋላ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ግድቡ ሲቃረብ ተጨማሪ ነጥቦች ያስፈልጋሉ። ከቱቦው አፍ ሥር ብቻ የተወሰደ ናሙና የሚናገረው ስለ ቱቦው ነው። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ጭቃ የሚያርፈው በውስጠኛው በኩል፣ ውሃው ቀስ በሚልበት ነው፤ በውጭው በኩል አሸዋና ጠጠር ታገኛላችሁ። ጊዜውም ይለያያል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ የበጋው ክምችት ይገኛል። ከክረምት በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ ጎርፉ ያመጣው አዲስ ደለል ከላይ ይተኛል። የአንዱን ዓመት ግንቦት ከሌላው ዓመት ጥቅምት ጋር አነጻጽሮ «ብክለቱ ቀነሰ» ማለት ትርጉም የለውም።

መሣሪያው። ለሐይቅ ኤክማን የሚባለው ባለ መንጋጋ ሳጥን፣ ጥልቀት ለሌለው ወንዝ የፕላስቲክ ማንኪያ ወይም ግልጽ የአክሪሊክ ቱቦ ይበቃል። የኤክማኑ መንጋጋ መሐል ጠጠር ወይም እንጨት ገብቶ ሳይዘጋ ከወጣ ያን ናሙና ጣሉት። ሲሳብ ደቃቁ ጭቃ እየታጠበ ያልቃል፣ የሚቀረው አሸዋ ነው፣ ብረቱ ያለው ደግሞ በደቃቁ ውስጥ ነው። በትክክል ከተዘጋ፣ ከላይ ያለውን ውሃ በቀጭን ቱቦ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ሳጥኑን ዘንበል አድርጋችሁ ብትደፉት ላይኛው ለስላሳ ሽፋን አብሮ ይሄዳል። ከዚያ የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር፣ የሳጥኑን ብረት ያልነካውን መሐሉን ብቻ በፕላስቲክ ማንኪያ ውሰዱ። በጥቂት ሜትር ርቀት ውስጥ 5 ጊዜ ተነስቶ አንድ ላይ የተደባለቀ አንድ ናሙና ይሆናል፤ በየጣቢያው እንዲህ ያሉ 3 ናሙናዎች ካልኖሩ በጣቢያዎች መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ መሆኑን ማወቅ አይቻልም።

ዕቃው። የፖሊኤትሊን ዕቃ በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ለ24 ሰዓት ተዘፍዝፎ በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት። ለሜርኩሪ ብርጭቆ ወይም ቴፍሎን ይሻላል። የቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ ይሰጣል። ዱቄት ያለው የላስቲክ ጓንትም እንዲሁ። ቆዳ ላይ የሚቀባ የፀሐይ መከላከያ ክሬምም ብዙ ጊዜ ዚንክ ኦክሳይድ አለበት። ናሙናው በበረዶ ውስጥ በ4 ዲግሪ ይጓዛል።

ማድረቅና መንፋት። ለሜርኩሪ የሚመረመረውን በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ማድረቅ ሜርኩሪውን ወደ አየር ማባረር ነው፤ ቢቻል በብርድ ማድረቂያ፣ ካልሆነም ከ40 ዲግሪ በታች ይደረጋል። በ105 ዲግሪ የሚደርቀው እርጥበቱን ለማስላት የተለየ ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በ63 ማይክሮን ወንፊት ይነፋል። ወንፊቱ ናይሎን ይሁን። የነሐስ ወንፊት በየንፊያው መዳብና ዚንክ ያራግፋል፤ ሰው ግን ወንዙ ተበከለ ብሎ ይጽፋል። መፍጫው አጌት ከሚባል ጠንካራ ድንጋይ የተሠራ ሙቀጫ እንጂ የብረት ወፍጮ መሆን የለበትም።

ድንጋዩ ራሱ ክሮሚየም አለበት

እዚህ ላይ ብዙ ጥናቶች ይወድቃሉ። በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት የንጹሕ ውሃ ደለል መለኪያ በየብረቱ ሁለት ቁጥር አለው፦ ከሱ በታች ጉዳት የማይጠበቅበት፣ ከሱ በላይ ጉዳት የሚጠበቅበት። ለክሮሚየም 43.4 እና 111፣ ለኒኬል 22.7 እና 48.6፣ ለእርሳስ 35.8 እና 128፣ ለካድሚየም 0.99 እና 4.98፣ ለዚንክ 121 እና 459 ሚሊግራም በኪሎግራም ደረቅ ክብደት።

የእኛ ደጋ ግን በብዛት ባዝልት የሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በዓለም አማካይ ባዝልት ውስጥ ወደ 170 ክሮሚየምና ወደ 130 ኒኬል አለ። አንድም ፋብሪካ ሳይኖር፣ ከባዝልት የተሸረሸረ አፈር ብቻውን የክሮሚየምንም የኒኬልንም የላይኛውን መስመር ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። እርሳስ ግን በባዝልት ውስጥ 6 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በአቃቂ ደለል 60 ሚሊግራም እርሳስ ከ150 ሚሊግራም ክሮሚየም የበለጠ የሰው እጅ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ያለው መለኪያ ብቻ የታየ እንደሆነ ግን የሚያስደነግጠው ክሮሚየሙ ነው። አማካይ የሸክላ ድንጋይ (ሼል) ዋጋዎችን፣ ክሮሚየም 90፣ ኒኬል 68፣ እርሳስ 20፣ እንደ መነሻ ወስዶ የብክለት መጠን ማስላትም ያንኑ ስህተት ይደግማል።

ታዲያ መነሻው ከየት ይምጣ? «ከወንዙ ራስ፣ ከእንጦጦ ይወሰድ» የሚለው ቀላል መልስም እዚህ አይሠራም። የእንጦጦ ተራራ ድንጋይ በብዛት ትራካይትና ራዮላይት የሚባሉ ሌሎች የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ነው፣ ክሮሚየም የሌለበት ያህል ነው። እሱን መነሻ ካደረጋችሁ ከታች ያለው የባዝልት አፈር ሁሉ የተበከለ ይመስላል። የሚሻለው ከራሱ ከግድቡ ወለል ረጅም ቱቦ ሰክቶ ጥልቁን ሽፋን ማግኘት ነው። በቆቃ ከ1960 እ.ኤ.አ. በፊት የነበረው የሜዳ አፈር ከደለሉ ሥር ተቀብሯል። የኒውክሌር ሙከራዎች የተዉት ሲዚየም-137 የሚባል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በ1963 እ.ኤ.አ. ሽፋን ላይ ከፍ ብሎ ስለሚታይ፣ ግድቡ ሲጀመር የነበረው ደለል የት እንዳለ ለመለየት ጥሩ ምልክት ነው። ቆቃ ደለል በብዛት ስለሚሞላው አጭር ቱቦ እዚያ አይደርስም፤ 50 ሴንቲ ሜትር ሰክቶ «ጥልቁ ሽፋን» ማለት አይቻልም።

አሸዋና ጭቃን ለማነጻጸር ደግሞ የብረቱን መጠን የሸክላውን ብዛት በሚያሳየው በአሉሚኒየም ማካፈል ያስፈልጋል። ለምሳሌ አንዱ ጣቢያ 80 ሚሊግራም ዚንክና 4 በመቶ አሉሚኒየም፣ ሌላው 160 ዚንክና 8 በመቶ አሉሚኒየም ቢኖረው፣ ሁለተኛው እጥፍ የተበከለ ይመስላል። ሲካፈል ሁለቱም 20 ናቸው፤ ልዩነቱ የሸክላው መጠን ብቻ ነው።

በላቦራቶሪ ውስጥም ክሮሚየም አስቸጋሪ ነው። የተለመደው አሠራር 0.5 ግራም ደለል በ9 ሚሊ ሊትር ናይትሪክና በ3 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በማይክሮዌቭ በ175 ዲግሪ ማሟሟት ነው። ይህ ከቅንጣቱ ላይ የተጣበቀውን ያወጣል፤ ክሮማይት የሚባለውን የድንጋይ ማዕድን ግን ሙሉ በሙሉ አያሟሟም። መጠኑ አስቀድሞ በታወቀው ማመሳከሪያ ናሙና ላይ የተጻፈው የክሮሚየም ዋጋ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የተገኘ ጠቅላላ ዋጋ ከሆነ የእናንተ ውጤት ዝቅ ይላል። ይህ ዘዴው በጠባዩ የሚሰጠው እንጂ የባለሙያው ስህተት አይደለም፤ ቁጥሩን «ለማስተካከል» በአንድ ቋሚ ማባዛት ግን ስህተት ነው።

ዓሣው

ደለሉ የተበከለ ስለሆነ የዓሣው ሥጋም የተበከለ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ካድሚየም በኩላሊትና በጉበት፣ እርሳስ በአጥንት፣ በቅርፊትና በስንጥብ ይከማቻል። ክሮሚየም ወደ ሥጋው ብዙ አይገባም። የሰው ምግብ የሆነው የጀርባ ሥጋ ከእነዚህ ሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ጉበትን ለክቶ «የቆቃ ዓሣ አይበላም» ማለት ትክክል አይደለም። ሥጋውን ብቻ ለክቶ «ወንዙ ጤነኛ ነው» ማለትም ያው ነው።

ዓይነቱም ወሳኝ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) በብዛት የሚመገበው አልጌ ነው። አምባዛ ከወለሉ ያገኘውን ሁሉ፣ ጭቃውንም ጨምሮ፣ ይውጣል፤ አንጀቱ ሳይጸዳ የተፈጨ አምባዛ የሚለካው ጭቃውን ነው። ከአንድ ጣቢያ ከየዓይነቱ ቢያንስ 10 እስከ 15 ዓሣ፣ ትንሽም ትልቅም፣ ርዝመቱና ክብደቱ ተመዝግቦ መወሰድ አለበት። ሥጋው ከጎን መስመሩ በላይ፣ ከራስ ቅሉ ኋላ፣ ቆዳው ተገፎ ይቆረጣል። ቢላዋው ሴራሚክ ወይም ፕላስቲክ ይሁን፤ የማይዝገው የብረት ቢላዋ የሚሠራው ከክሮሚየምና ከኒኬል ጋር ነው።

አሁን በጣም የተለመደው ስህተት። የምግብ ደንቦች የሚናገሩት ስለ እርጥብ ክብደት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ለዓሣ ሥጋ የእርሳስ ወሰን 0.30፣ የካድሚየም ለብዙ ዓይነቶች 0.05፣ የሜርኩሪ ለብዙ ዓይነቶች 0.5 ሚሊግራም በኪሎግራም ነው (ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአንዳንድ ዓይነቶች 0.3)። ላቦራቶሪዎች ግን ዓሣውን አድርቀው ይለካሉ። የዓሣ ሥጋ 80 በመቶ ገደማ ውሃ ስለሆነ የደረቁ ቁጥር የእርጥቡን 5 እጥፍ ያህል ነው። በደረቅ 1 ሚሊግራም እርሳስ በእርጥብ 0.2 ነው፣ ከወሰኑ በታች። ይህን ሳይቀይሩ «ከዓለም አቀፍ ደረጃ በሦስት እጥፍ አለፈ» የሚል ዜና የብዙ ዓሣ አጥማጆችን ገበያ ሊዘጋ ይችላል። ሪፖርት ስታነቡ መጀመሪያ «ደረቅ ወይስ እርጥብ?» ብላችሁ ፈልጉ፤ ካልተጻፈ ቁጥሩን አትጠቀሙበት።

ሁለተኛው ስህተት የመሣሪያ አቅም ነው። 0.5 ግራም ደረቅ ዓሣ ሟሙቶ 25 ሚሊ ሊትር ላይ ቢሞላ፣ በወሰኑ ላይ ያለ እርሳስ (በደረቅ 1.5) በመፍትሔው ውስጥ 30 ማይክሮግራም በሊትር ይሆናል፤ ካድሚየም ደግሞ 5 ብቻ። የነበልባል አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባለው የተለመደ የብረት መለኪያ መሣሪያ እርሳስን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለካው ከዚህ ከፍ ካለ ጀምሮ ነው። ለዓሣ ከዚህ በጣም ያነሰ መጠን የሚለኩት ግራፋይት ምድጃ ወይም አይሲፒ-ኤምኤስ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የዓሣ አመድ በካልሲየም፣ በሶዲየምና በፎስፈረስ የተሞላ ስለሆነ የጀርባ ብርሃን ማረሚያው ካልተከፈተ ጨው ራሱ እርሳስ መስሎ ይነበባል። በአይሲፒ-ኤምኤስም ቢሆን የመሣሪያው ጋዝ አርጎንና ካርቦን ተጣምረው በክሮሚየም-52 ቦታ፣ አርጎንና ክሎሪን በአርሰኒክ-75 ቦታ ይቀመጣሉ፤ እነዚህን የሚያጣራው የሂሊየም ክፍል መሥራት አለበት። በየዙሩ ባዶ ናሙና (ዓሣ የሌለበት አሲድ ብቻ) እና የታወቀ የዓሣ ማመሳከሪያ፣ ለምሳሌ የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የሚያዘጋጀው ዶርም፣ ካልተለካ ውጤቱ መታተም የለበትም።

ሜርኩሪ ለብቻው

ሜርኩሪ ከሌሎቹ ይለያል። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ሰልፌት የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል፤ ይህም በሥጋ ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል፤ ትልቁ ትንሹን በበላ ቁጥርም ይጨምራል። ፋብሪካ በአጠገቡ ባይኖርም ይህ ይከሰታል። በሐዋሳ ሐይቅ ባርበስ ላይ (ብዙዎች ነጭ ዓሣ ወይም ቢልጫ የሚሉት) የታተሙ ጥናቶች ትንንሽ ዓሣ የሚበሉት ትልልቆቹ ነፍሳትና ቀንድ አውጣ ከሚበሉት እጅግ የላቀ ሜርኩሪ እንደያዙና 0.5ን ያለፉም እንዳሉ አሳይተዋል። የአንድ ሐይቅ፣ የአንድ ዓይነት ዓሣ ነው፤ የለያቸው አመጋገባቸው ነው። ስለዚህ የሜርኩሪ አማካይ ያለ ርዝመት ምንም አይናገርም።

ለወጥ ቤት ይህ ምን ማለት ነው? ለእርሳስና ለካድሚየም አንጀት፣ ጉበት፣ ኩላሊትና ስንጥብን በደንብ ማውጣት፣ ቅርፊቱን መፋቅና አጥንቱን አለመብላት ይረዳል። ከጀርባ አጥንቱ ሥር የተለጠፈውን ጥቁር ቀይ ጭረት በጣት ፍቃችሁ አውጡ፤ እሱ ኩላሊቱ ነው። ለሜርኩሪ ግን መጥበስም፣ መቀቀልም፣ ሎሚም አይረዳም፤ በሥጋው ውስጥ ነውና። የሚረዳው ዓይነቱንና መጠኑን መምረጥ ብቻ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የዓለም የምግብና የጤና ድርጅቶች የጋራ ኮሚቴ ለሜቲል ሜርኩሪ ያስቀመጠው ሳምንታዊ ጣሪያ 1.6 ማይክሮግራም በኪሎ የሰውነት ክብደት ነው። 60 ኪሎ ለሆነች ሴት 96 ማይክሮግራም። ዓሣው 0.5 ሚሊግራም በኪሎግራም ቢይዝ በሳምንት 190 ግራም ገደማ፣ 0.1 ቢይዝ 960 ግራም መብላት ትችላለች። 15 ኪሎ ለሆነ ሕፃን ከ0.5ቱ ዓሣ 48 ግራም ብቻ ነው፣ አንድ ቁራሽ። በሁዳዴ ዓሣ የሚያዘወትሩ ቤተሰቦች፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ፣ ከትልቅ ባርበስ ይልቅ ቆሮሶ ቢመርጡ መልካም ነው። በካድሚየም ደግሞ ወርሃዊው ጣሪያ 25 ማይክሮግራም በኪሎ ስለሆነ፣ ወሰኑ ላይ ካለ ዓሣ 60 ኪሎ የሆነ ሰው ጣሪያውን ለመሙላት በወር 30 ኪሎ መብላት ይኖርበታል። እንዲህ የሚበላ የለም። በዚህ ተፋሰስ ካድሚየም ወደ ሰው የሚገባው ከዓሣ ይልቅ በአቃቂ ውሃ ከሚጠጣው ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ነው ብዬ አስባለሁ፤ የሚበላው መጠን እንደዚያ ይላልና። ለእርሳስ ግን ጣሪያ የለም። ኮሚቴው የቀድሞውን ወሰን በ2010 እ.ኤ.አ. አንስቶታል፣ ለሕፃናት አንጎል ደኅና የሚባል መጠን ስላልተገኘ።

ጭቃውን ማንቀሳቀስስ? ከውሃ ሥር ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ካድሚየም፣ እርሳስ፣ ዚንክና መዳብ ከሰልፋይድ ጋር ታስረው ይቀመጣሉ። ጭቃው ተቆፍሮ ዳር ላይ ሲሰጣ ሰልፋይዱ አየር አግኝቶ ይቃጠላል፣ አሲድ ይፈጥራል፣ የታሰረው ይፈታል። ክሮሚየምም የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ባለበት ደረቅ አፈር ውስጥ ከፊሉ በጣም መርዛማ ወደሆነው፣ ከውሃ ጋር በቀላሉ ወደሚሄደው ክሮሚየም-ስድስት (ሄክሳቫለንት) ወደሚባለው ዓይነት ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ከወንዝ ወይም ከግድብ የወጣ ደለል በአትክልት ማሳ ላይ እንደ ማዳበሪያ አይበተን፣ ጥቁርና ለም ቢመስልም። ሳይወጣ በፊት ይለካ። ሲወጣ ከሥር ሸክላ ወይም ላስቲክ በተነጠፈበት፣ ከጎርፍ መውረጃ በራቀ ቦታ ይከመር። ከክምሩ የሚወርደውም ውሃ በጉድጓድ ተጠራቅሞ ፒኤቹ ከ7 በታች ሲወርድ በኖራ ይታከም። የቆቃ ውሃ በበጋ ሲሸሽ በሚገለጠው ዳርቻ ላይ ለሚዘራም ጉዳዩ ያው ነው፤ ከመዝራቱ በፊት የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ለካድሚየምና ለእርሳስ መለካት አለበት፣ ቅጠላ ቅጠሉ ሳይሆን በቆሎው ይቅደም።